ሩዙ ማሳውን እንዴት መረጠ?

«ፎገራን ሩዝ ቀየራት።»

ወረታ ላይ ከቡና ቤት እስከ ስብሰባ አዳራሽ ይህችን አባባል የማይል የለም። እኔም የወረታ ልጅ ነኝና ስሰማት ደስ ይለኛል። የኢኮኖሚክስ መምህር ነኝና ደግሞ ስሰማት ጆሮዬ ይቆማል። «ፎገራ» ግልጽ ነው፤ «ሩዝ»ም ግልጽ ነው። ከባዱ ቃል «ቀየራት» ነው። ቀየራት ስንል እኮ፣ ሩዝ ባይገባ ኖሮ ፎገራ ዛሬ የሆነችውን አትሆንም ነበር ማለታችን ነው። ሩዝ ያልገባባትን የዛሬዋን ፎገራ ደግሞ ያየ ሰው የለም።

የምክንያትና ውጤት ጥናት የሚባለው የሙያችን ክፍል በአጭሩ ያችን ያልታየች ፎገራ የመፈለግ ሥራ ነው። ብዙ የቀድሞ ተማሪዎቼ ስለዚህ ጉዳይ በውስጥ መስመር ትጠይቁኛላችሁ፤ ግማሻችሁ ለመመረቂያ ጽሑፍ፣ ግማሻችሁ ለመሥሪያ ቤት ሪፖርት። ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ረዘም አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። ቀመር የለበትም። ኢኮኖሚክስ ያልተማራችሁም አብራችሁን ዝለቁ፤ ነገሩ የታሪክ ነው።

ሜዳውና ሩዙ

አካባቢውን ለማታውቁት፦ የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ ለጥ ያለ መሬት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትጓዙ መንገዱ በመሐሉ ያልፋል። ጉማራና ርብ ሁለቱም ከጉና ተራራ ይነሱና ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ወንዞቹ ሲሞሉ ውሃው ወደ ሜዳው ይወጣና ይተኛል፤ ዋልካው ደግሞ አላሳልፍም ይላል። ስለዚህ ከሜዳው ሰፊው ክፍል ሐምሌና ነሐሴን በውሃ ውስጥ ያሳልፋል።

ከሩዝ በፊት ከፍ ባለው መሬት ጤፍ፣ ዳጉሳና ኑግ ይዘራ ነበር። ውሃ የሚተኛበት ደግሞ ግጦሽ ነው፤ ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። የፎገራ ከብት በወተቱ ስሙ የተጠራው ያንን ሣር በልቶ ነው። የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ይህን ዝርያ ለማቆየት ብዙ ዓመት የደከመው ያለምክንያት አይደለም።

የዱር ሩዝ በሜዳው ረግረግ ላይ ድሮም ይበቅል ነበር። የሚበላው ሩዝ ግን የመጣው በደርግ ዘመን ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጥተው ከገበሬዎች የአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ሠሩ። ሥራው የተጀመረው ደራ ወረዳ ጅግና ላይና ፎገራ ወረዳ ሻጋ ላይ ነው። ዛሬ በሰፊው የሚዘራው «ኤክስ ጅግና» ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። በኋላ በምርምር ከወጡት ዝርያዎች አንዱም «ሻጋ» ተብሏል።

በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ማኅበራቱ በየቦታው ፈረሱ። ሩዙም ከማኅበራቱ ጋር ወደቀ። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ግን በ1980ዎቹ አጋማሽ ዘሩ በግል ገበሬ እጅ ቀስ በቀስ ተመለሰና ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው! ግጦሹ ማሳ ሆነ። ወረታ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ከተማ ሆነች። ጤፍ ሲወደድ ሩዝ ከጤፍ ተቀላቅሎ እንጀራ ሆነ። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ወረታ ላይ ተቋቋመ።

እንግዲህ «ቀየራት» የሚለው ሰው በእጁ ያለው ማስረጃ ይህ ነው። ከሩዝ በፊት እንዲህ ነበርን፣ ከሩዝ በኋላ እንዲህ ሆንን። ለምን አይበቃም?

«ከዚያ ወዲህ» እና «በዚያ ምክንያት»

በ1980ዎቹ ፎገራ ላይ የገባው ሩዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ በበቃ ነበር። እስቲ አብረን እንቁጠር። የእህል ንግድ ከኮታና ከኬላ ነጻ ወጣ። በ1987 ዓ.ም. አዲሱ የግብርና ኤክስቴንሽን በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀምሮ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር መከፋፈል ያዘ። በ1988 ዓ.ም. ጣና ዓባይን በሚሰጥበት ጫፍ ላይ የጨረጨራ ግድብ ሥራ ጀምሮ የሐይቁን ከፍታ ሰው መቆጣጠር ቻለ። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን በብዙ ቦታ የመሬት ሽግሽግ ተደረገ፤ «ቢሮክራት» ከተባሉት ተቆርሶ ለሌላቸውና ላነሳቸው ተሰጠ። ከዚያ የውሃ መሳቢያ ሞተር መጣና በበጋ ሽንኩርት ማምረት ተለመደ።

ይህ ሁሉ በዐሥር ዓመት አካባቢ ውስጥ ነው። አንድ ገበሬ በ1982 የሣር ቤት፣ በ1995 የቆርቆሮ ቤት ቢኖረው፣ ቆርቆሮውን የገዛው ሩዙ ነው? ሽንኩርቱ ነው? ማዳበሪያው ነው? ወይስ በሽግሽጉ ያገኘው መሬት? «ከዚያ ወዲህ» የሚለውን «በዚያ ምክንያት» ብለን ካነበብነው መጀመሪያ ትዝ ያለን ነገር ሁሉንም ምስጋና ይወስዳል።

«እሺ፣ ድሮንና ዘንድሮን ተወው፤ ዘንድሮ ሩዝ የሚዘራውን ከማይዘራው ጋር አወዳድር» ትሉኝ ይሆናል። አብዛኛው የመመረቂያ ጽሑፍም እንዲህ ነው የሚያደርገው። እዚህ ላይ ከጉማራ ወንዝ ብዙ በማይርቅ ቀበሌ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት የነገሩኝን ላምጣ።

«አያ፣ ሩዙን ቶሎ ነው የተቀበሉት ይባላል። ጎረቤትዎ ግን ብዙ ዓመት ቆይተዋል። ምን አይተው ነው?» አልኋቸው።

ሳቁ። «አየ ልጄ! እኔ መች መረጥሁ? ውሃው መረጠኝ እንጂ። የኔ መሬት ታች ነው፣ ውሃ ይተኛበታል። የሱ ከፍ ያለው ላይ ነው። ጤፍ የሚያበቅል መሬት ይዞ ሩዝ ምን ያረግለታል?»

እኒህ ሰውዬ አንድ ሙሉ የኢኮኖሜትሪክስ ምዕራፍ ጨርሰዋል። ሩዝ የዘራና ያልዘራ ገበሬ ልዩነታቸው ሩዝ ብቻ አይደለም። አንዱ ታች ነው፣ አንዱ ላይ። አንዱ ለወንዙ ቅርብ ነው፤ ለሽንኩርቱም ያው ቅርብ ነው። አንዱ ከክረምት በኋላ እርጥበት ይቀርለትና ሁለተኛ ሰብል ይደግማል። ሁለቱን አሰልፈን ገቢያቸውን ብናወዳድር የምናወዳድረው ሩዝን ከሩዝ አልባነት ሳይሆን ውሃን ከውሃ አልባነት ነው። ይህን ነው «የምርጫ መዛባት» የምንለው። ለዚህ ነው ተማሪዎቼን ስታታ ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ የምለው፦ ሩዙ ማሳውን እንዴት መረጠ?

ሳይንሱ የተወለደው ማሳ ላይ ነው

ብዙ ሰው ይህን የጥናት ዘዴ የዎል ስትሪት ወይም የኮምፒውተር ሰዎች ፈጠራ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። የተወለደው እርሻ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1923 ጀርዚ ኔይማን የተባለ ወጣት የሒሳብ ሰው በፖላንድ ቋንቋ ስለ እርሻ ሙከራ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ሐሳቡ ይህ ነበር፦ እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት ለምትሞክርበት ለእያንዳንዱ ዝርያ አንድ አንድ ምርት «በሆዱ» ይዟል። ይህን ዝርያ ብትዘራበት ይህን ያህል፣ ያንን ብትዘራበት ያንን ያህል ይሰጥህ ነበር። አንተ ግን በአንድ ክረምት የምታየው አንዱን ብቻ ነው። ሌላው ሊሆን ይችል የነበረ ሆኖ ይቀራል። ጽሑፉ ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመው በ1990 ነው፤ ስልሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ፖላንድኛ ለማያውቅ ዓለም ተዘግቶ ኖረ ማለት ነው።

በዚያው ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሮትሃምስቴድ በሚባል የእርሻ ምርምር ጣቢያ ከ1919 ጀምሮ ሮናልድ ፊሸር ይሠራ ነበር። የእሱ ችግር የኛው አዛውንት የነገሩኝ ነው፦ መሬት ሁሉ እኩል አይደለም። አንዱ ጥግ ለም ነው፣ አንዱ ጥግ ውሃ ይተኛበታል። ማዳበሪያውን ደስ ባለህ ቦታ ካደረግህ ልዩነቱ የማዳበሪያው ይሁን የመሬቱ አታውቅም። መፍትሔው ምን ሆነ? ዕጣ! የትኛው ቁራሽ ምን እንደሚያገኝ ዕጣ ይወስን። ዕጣ ዘመድ የለውም፤ ለሙንም ጠፉንም አይለይም። ስለዚህ ቁራሾቹ ሲበዙ በሁለቱ ወገን ያለው መሬት በአማካይ ይመሳሰላል፤ የሚቀረው ልዩነት የማዳበሪያው ነው ለማለት ያስደፍራል።

ሦስተኛው ፊሊፕ ራይት የተባለ አሜሪካዊ ነው። በ1928 ስለ ዘይትና ስብ ቀረጥ በጻፈው መጽሐፍ ላይ የሚያወራው ስለ ቅቤና ስለ ተልባ ነው። አዎ፣ የኛው ተልባ! የተልባ ዋጋ ሲወጣ ፈላጊ በዝቶ ነው ወይስ ምርት ጠፍቶ? ሁለቱ ከተደባለቁ ዋጋውን በማየት ብቻ መለየት አይቻልም። ራይት ያለው፣ ምርቱን የሚነካ ነገር ግን የገዢውን ፍላጎት የማይነካ አንድ ነገር ፈልግ ነው፤ ለምሳሌ የአየር ጠባይ። ዝናቡ ምርቱን ሲያወዛውዘው ዋጋው እንዴት እንደሚሄድ ካየህ ፍላጎቱን ለብቻው ታነበዋለህ። ዛሬ «መሣሪያ ተለዋዋጭ» የምንለው ዘዴ መነሻው እዚህ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ይህን ስትሰሙ «እንግዲያው ለፎገራ ጎርፉን እንጠቀም፤ የትኛው ማሳ እንደሚጥለቀለቅ ገበሬው አልመረጠም» ትላላችሁ። ጥሩ አስባችኋል፤ ግን አይሆንም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ የፎገራና የሊቦ ከምከም ጎርፍ ምን እንዳደረገ አስታውሱ። ቤት አፈረሰ፣ ከብት ወሰደ፣ ሰው አፈናቀለ። ጎርፍ የሩዙን ምርጫ ብቻ ነክቶ ቢሄድ ኖሮ መሣሪያ ይሆን ነበር። ቤትህንም ይዞ ከሄደ ግን የሩዙን ውጤት ከቤትህ መፍረስ አትለየውም።

ከእነዚህ ሦስት ሰዎች ወዲህ ሐሳቡ ከእርሻ ወጥቶ ወደ ሰው ሄደ። በ1974 ዶናልድ ሩቢን የኔይማንን «ሊሆን ይችል የነበረ ውጤት» ዕጣ ላልተጣለባቸው ነገሮችም አዋለው። በ1986 ሮበርት ላሎንዴ የኢኮኖሚስቶችን ሁሉ ኩራት ያበረደ ነገር ሠራ። አሜሪካ ውስጥ ሥራ ማግኘት ላስቸገራቸው ሰዎች በዕጣ የተሰጠ የሥራ ልምምድ ነበር፤ ዕጣ ስለሆነ ትክክለኛው መልስ ይታወቃል። ላሎንዴ ዕጣ ያልወጣላቸውን ሰዎች ወደ ጎን አድርጎ በነሱ ምትክ ከሌላ ብሔራዊ መረጃ የተወሰዱ ሰዎችን አስገባና የተለመዱትን የኢኮኖሜትሪክስ ዘዴዎች ሞከራቸው። ብዙዎቹ የሰጡት መልስ ከእውነተኛው በጣም ሩቅ ነበር። ትክክል ያልሆነ መነጻጸሪያ ከያዝህ የቀመሩ ውበት አያድንህም።

በ2021 የኢኮኖሚክስ ኖቤልን ዴቪድ ካርድ፣ ጆሹዋ አንግሪስትና ጊዶ ኢምበንስ የተሸለሙት ከዚህ የቀጠለ መንገድ ላይ ነው። ዕጣ በሌለበት ቦታ ሕይወት ራሷ የጣለችውን ዕጣ ወይም ዕጣ መሳይ ነገር ፈልጎ ማግኘት።

ጓያና ረሃብ

ነገሩ የምሁራን ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ ከራሳችን ሜዳ አንድ ምሳሌ ላምጣ። የሰው እግር ያለበት ምሳሌ ነው።

በ1968 እና 69 ዓ.ም. አካባቢ በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰው እግሩ እየተሳሰረ መራመድ አቃተው። በሽታው አይድንም። ሰውየው ዕድሜ ልኩን በምርኩዝ ይሄዳል፣ ሲብስም በእጁ ይዳኻል። በሽታው ከጓያ ጋር እንደተያያዘ ገበሬው ከሐኪሙ በፊት ያውቅ ነበር። በምን መንገድ የሚለው ላይ ግን ሰዉ የራሱ ማብራሪያ ነበረው፤ እንፋሎቱ ነው የሚል አለ፣ የጓያ ገለባ መርገጥ ነው የሚል አለ። ስለዚህ እናቶች ጓያ ሲቀቀል ልጆቻቸውን ከእንፋሎቱ ያርቁ ነበር። ንፍሮውን ግን ያበሏቸዋል።

አሁን እንደ ተመራማሪ አስቡት። ሰው ጓያ ብቻ የሚበላው መቼ ነው? ሌላው እህል ድርቅ ወይም ጎርፍ ሲያጠፋው ነው። ማን ነው አብዝቶ የሚበላው? ድሃው። ስለዚህ የጓያ ዓመት የረሃብ ዓመትም ነው፤ የጓያ ቤት የድሃ ቤትም ነው። እግሩን የሰበረው ጓያው ነው፣ ረሃቡ ነው ወይስ ሁለቱ ተደራርበው? በደኅና ዓመት ጓያ የሚበላ ሁሉ አይሽመደመድም እኮ።

በኋላ ወሎ ውስጥ ደላንታ ላይ ተመሳሳይ ወረርሽኝ ሲነሳ ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቹ ያደረጉት ብልኅ ነገር ነው፤ ሥራቸው በ2003 እ.ኤ.አ. «ላንሴት» ላይ ወጥቷል። የታመሙትን ያነጻጸሩት ከከተማ ሰው ጋር አይደለም። በዚያው አካባቢ፣ በዚያው ረሃብ ውስጥ ጓያ በልተው ካልታመሙ ሰዎች ጋር ነው። ረሃቡ ለሁለቱም የጋራ ስለሆነ ሌላው ልዩነት ጎልቶ ወጣ፤ እሱም አበላሉ ነበር። እሸቱን፣ ንፍሮውንና ቆሎውን የበሉት ለበሽታው ይበልጥ ተጋልጠው ነበር። ከሌላ እህል ጋር የቀላቀሉት፣ ቅመም ባለው ወጥ የበሉት ደግሞ ተጋላጭነታቸው ያነሰ ሆነ።

ልዩነቱ ይታያችሁ። «እንፋሎቱ ነው» ካልን ልጁን ከምድጃ እናርቃለን። «አበላሉ ነው» ካልን በድርቅ ዓመት የእርዳታ እህሉ ጓያ ወደሚበላበት ቀበሌ ቀድሞ እንዲደርስ እናደርጋለን። አንደኛው መልስ እግር አያድንም፤ ሁለተኛው ያድናል። ምክንያትን ማወቅ ማለት ለኔ ይህ ነው።

የኛው አገር ሁለት ጥናቶች

ዘዴዎቹ በክልላችን ሥራ ላይ ሲውሉ ምን እንደሚመስሉ ሁለት ምሳሌ ልጨምር። ሁለቱንም ክፍል ውስጥ ያስተማርኋችሁ ናቸው።

አንደኛው የመሬት ደብተር ነው። ክላውስ ዳይኒንገር፣ ዳንኤል አያሌው አሊና ተክኤ ዓለሙ በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ደብተሩ ገበሬው ላይ ምን ለውጥ አመጣ ብለው ጠየቁ፤ መረጃቸው ከአማራ ክልል ነው። ደብተር ያለውንና የሌለውን ዝም ብሎ ማወዳደር እንደማይሆን አሁን ገብቷችኋል። እነሱ የተጠቀሙት ደብተሩ ሁሉም ቦታ በአንድ ቀን ያልደረሰ መሆኑን ነው። ቀድሞ የደረሰው አካባቢ ከበፊቱ ምን ያህል ተለወጠ? ገና ያልደረሰው አካባቢስ በዚያው ጊዜ ምን ያህል ተለወጠ? ሁለተኛውን ከአንደኛው ትቀንሳለህ። ዝናቡ፣ የእህሉ ዋጋ፣ ፖሊሲው ሁለቱንም እኩል ነክቶ ከሆነ በመቀነሱ ይጠፋል፤ የሚተርፈው የደብተሩ ነው። ይህን «የልዩነት ልዩነት» እንለዋለን። ያገኙት ውጤት ገበሬው በመሬቱ ላይ ያለው መተማመን እንደጨመረ፣ በመሬቱ ላይ የሚያፈሰው ጉልበትና የመሬት ኪራዩም እንዳደገ ነው።

ሁለተኛው ሴፍቲኔት ነው። ከጉና ማዶ ጋይንትና ስማዳ ያላችሁ በደንብ ታውቁታላችሁ። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ድሃውን መርጦ ነው የያዘው። ስለዚህ ተረጂውን ካልታቀፈው ጋር በደፈናው ብታወዳድር «ሴፍቲኔት ሰው ያደኸያል» የሚል መልስ ታገኛለህ! ፎገራ ላይ ሩዝ ውሃ ያለውን ስለመረጠ ሩዝ ከሆነው በላይ ያማረ ይመስላል። ጋይንት ላይ ሴፍቲኔት የሌለውን ስለመረጠ ከሆነው በታች የከፋ ይመስላል። ስሕተቱ አንድ ነው፤ አቅጣጫው ነው የተለያየው። ዳንኤል ጊሊጋን፣ ጆን ሆዲኖትና ዓለማየሁ ስዩም ታፈሰ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ተረጂውን በድህነቱም በኑሮውም ከሚመስለው ካልታቀፈ ሰው ጋር እያጣመዱ ያነጻጸሩት ለዚህ ነው።

ይህ ማጣመድ ነው እንግዲህ «ፕሮፐንሲቲ ስኮር ማችንግ» ተብሎ በየዩኒቨርሲቲያችን የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ ላይ የምታገኙት። ዘዴው አይከፋም። ግን የሚያጣምደው በመጠይቁ ላይ በጻፍከው ነገር ብቻ ነው። ዕድሜ፣ ትምህርት፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የመሬት ስፋት፣ የበሬ ብዛት ትጠይቃለህ። ውሃው የታለ? ማሳው በነሐሴ ስንት ሳምንት በውሃ ውስጥ ይቆያል? ከወንዙ ስንት ደቂቃ ነው? ይህ መጠይቁ ላይ ከሌለ ኮምፒውተሩ የታች ማሳ ያለውን የ45 ዓመት ገበሬ ከላይ ማሳ ካለው የ45 ዓመት ገበሬ ጋር አጣምዶ ያርሳል። ሰንጠረዡ ያምራል፣ ኮከቡ ይደረደራል፣ ፈታኙም ያልፍላችኋል። መልሱ ግን የውሃው ነው።

ሌላም አለ። ሩዝ ያልዘራው ጎረቤት እሱም በሩዙ ተነክቷል። በአረምና በአጨዳ ጊዜ የቀን ሥራ ያገኛል፣ ወረታ ላይ ወፍጮ ቤት ይቀጠራል፣ ገለባ ገዝቶ ከብቱን ይቀልባል። ግጦሹ ስለታረሰበት ደግሞ ከብቱን ቀንሶ ይሆናል። ስለዚህ «ሩዝ ያልነካው ሰው» ብለን ያስቀመጥነው መነጻጸሪያ ሩዝ በቀኝም በግራም ነክቶታል።

ታዲያ ቀየራት ወይስ አልቀየራትም?

ይህን ሁሉ ብዬ አድበስብሼ አልሄድም፤ የኔን ፍርድ ልስጥ።

ውሃ በሚተኛበት ማሳ ላይ ያልታየችውን ፎገራ መገመት ብዙም አይከብድም፤ ታሪኩ ይነግረናል። እዚያ መሬት ላይ ከሩዝ በፊት በክረምት የነበረው ሣር ነው። ሌላ የብርዕ እህል ያን ያህል ውሃ አይችልም። ስለዚህ ሩዙ ባይኖር በሐምሌ እዚያ የሚቆመው ጤፍ አይደለም፤ ላም ናት። እንግዲህ የሩዝ ትርፍ ስንል ከሩዙ ዋጋ ላይ የማዳበሪያውንና የጉልበቱን ብቻ ሳይሆን የወተቱን፣ የጥጃውን፣ በሬው ይግጠው የነበረውን ሣር መቀነስ አለብን። ገለባው ከዚያ ውስጥ ጥቂቱን ይመልሳል። ከዚህ ሁሉ በኋላም በዚያ መሬት ላይ ሩዝ ትልቅ ነገር አምጥቷል ብዬ አምናለሁ። ከሩዙ በኋላ ጓያ የሚደግመውን ቤት አይቻለሁ።

ከፍ ባለው መሬት ላይ ግን መልሱ ሌላ ነው፤ እዚያ ሩዝ የሚተካው ጤፍንና ዳጉሳን ነው። ለባለ ብዙ ከብት ቤት፣ የራሱ ማሳ ሳይኖረው በወል ግጦሽ ላይ ሁለት ላም ያሰማራ ለነበረ ሰው፣ ደግሞ ሌላ። «ፎገራን ሩዝ ቀየራት» የሚለው አንድ አማካይ ቁጥር እነዚህን ሁሉ ውጦ ነው የሚቆመው። የወል ሣሩ ሲታረስ የከሰረው ሰው በሩዝ ገበሬዎች መጠይቅ ውስጥ አይገባም፤ ሩዝ ገበሬ አይደለማ!

ይህ ለምን ያሳስበኛል? ስብሰባ ላይ «የፎገራን ተሞክሮ እናስፋ» ሲባል ስለምሰማ ነው። አገራችን ብዙ ሩዝ ከውጭ እያስገባች ስለሆነ ማስፋቱን እኔም እወዳለሁ። ግን የምናሰፋው ምንድን ነው? ዘሩን ነው ወይስ ሜዳውን? ፎገራ ላይ የሠራው ዘር ብቻውን ሳይሆን ዘሩ ከዋልካው፣ ከጉማራና ከርብ ውሃ፣ ከዋናው መንገድ፣ ከወረታ ወፍጮ ጋር ተገናኝቶ ነው። ውሃው ያደረገውን ለዘሩ ሰጥተን ዘሩን ብቻ ይዘን ሌላ ወረዳ ብንሄድ፣ ሲከሽፍ «ገበሬው ሰነፍ ነው፣ ቴክኖሎጂ አይቀበልም» ብለን እንመለሳለን። የተሳሳተ ምክንያት መጨረሻው ሁልጊዜ የሆነ ሰውን መውቀስ ነው። ወቀሳውን የሚሸከመው ደግሞ ስብሰባው ላይ ያልነበረው ገበሬ ነው።

ስለዚህ ጽሑፍ ላይ ያላችሁ ልጆቼ፣ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ ከመጠይቁ በፊት ታሪኩን ጠይቁ። ነገሩ መቼ መጣ፣ ማን አመጣው፣ መጀመሪያ የት ቀበሌ ገባ፣ ለምን እዚያ? ለዚህ ጥያቄ ከሽማግሌ የተሻለ መረጃ የለም።

ሁለተኛ፣ «ባይኖር ኖሮ በቦታው ምን ይኖር ነበር?» የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። መጻፍ ካቃታችሁ ጥያቄያችሁ ገና አልበሰለም።

ሦስተኛ፣ መነጻጸሪያ ያደረጋችሁትን ሰው ቤቱ ሄዳችሁ እዩት። እውነት የሌላኛውን ሰው ያልተኖረ ሕይወት እየኖረ ነው? ወይስ ከመጀመሪያውም ሌላ መሬት ላይ የቆመ ሌላ ሰው ነው?

ፎገራ፣ ደራና ሊቦ ያላችሁ ደግሞ እስቲ በአስተያየት መስጫው ጻፉልኝ። በእናንተ ቀበሌ ሩዝ መጀመሪያ የገባው የማን ማሳ ላይ ነው? ስም አያስፈልግም። ማሳው ታች ነበር ወይስ ላይ? ከዚያ በፊትስ ምን ይበቅልበት ነበር?

ቸር ሰንብቱ።